ልጅ በዕድሉ ያድጋል

ከአባቶች ሲወርድ ሲዋረድ መጥቶ በሰው አንደበት ከሚኖሩት ምሳሌዎች አንዱ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ነው። ይህ ቃል በሦስት ጊዜ ይነገራል። አንደኛ፥ ድኻ ሰው ልጅ በተወለደለት ጊዜ ልቡ እንዳይሰበር ጎረቤቱ ያጽናናበታል። ሁለተኛ፥ ልጆች በቤት ውስጥ በበዙ ጊዜ አባት ስለ መጪው ቀን እንዳይጨነቅ ራሱን ያስታግሥበታል። ሦስተኛ፥ ሕፃን ከስቶና ገርጥቶ፥ እግሩም መሬት መርገጥ ዘግይቶ ባዩት ጊዜ፥ ምክንያቱን ከመጠየቅ ይልቅ ዝም ለማለት ይጠቀሙበታል። በመጀመሪያው ጊዜ ሲነገር ቃሉ ርኅራኄ ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ ተስፋ ነው፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን ሰው የራሱን ዕዳ ወደ ሰማይ የሚያሻግርበት ሰበብ ይሆናል።

ይህ ምሳሌ ግን እንደ ብዙዎቹ የአባቶች ቃል ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ «ዕድል» የተባለውን ዕጣ ፈንታ ያደርገዋል፤ ሕፃኑ የሚያድገው ሲወለድ በተጻፈለት ነው፥ የሰው እጅ አይጨምርለትም፥ አይቀንስበትምም ማለት ነው። ወርቁን የሚፈልግ ሰው ግን ቃሉን ከግሱ ይመረምረዋል። ዕድል «ዐደለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ዐደለ ማለት ከፈለ፥ አካፈለ፥ ለየሰዉ ድርሻውን ሰጠ ማለት ነው፤ ዕድልም የታደለው ነገር፥ ድርሻ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ምሳሌው «ልጅ በሚታደለው ድርሻ ያድጋል» ማለት ነው። ድርሻ ካለ አካፋይ አለ፤ አካፋይም ካለ ስላካፈለው ነገር ይጠየቃል። እንግዲህ በገበታ ላይ ለሕፃኑ የሚያድለው ማን ነው? የሚያድለውስ ምንድን ነው? ሕፃኑን የሚወድ ሰው ሳያውቅ ቢበድለው፥ ፍቅሩ ከበደሉ ነፃ ያወጣዋልን? ሊመረመር የሚገባው ነገር ይህ ነው።

አንድ ቤት ለምሳሌ ይታሰብ። ቤቱ በጎጃም ወይና ደጋ ያለ የገበሬ ቤት ይሁን። በጎተራው ጤፍና በቆሎ አለ፤ በጓሮው ጎመንና ዱባ በቅሏል፤ አንዲት የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ በደጅ ቆማለች፤ ዶሮዎችም በግቢው ይጭራሉ። ረኃብ ያላንኳኳው ቤት ነው። ማታ እራት ሲቀርብ እንግዳ ካለ በመጀመሪያ ለእንግዳው ይቀርባል፤ ቀጥሎ አባት ይበላል፤ ከዚያ ታላላቆቹ ወንዶች ልጆች ይበላሉ፤ በመጨረሻም እናትና ታናናሾቹ በተረፈው ይሰበሰባሉ። የሁለት ዓመቱ ሕፃን ድርሻ በሽሮ መረቅ የራሰ የእንጀራ ፍርፋሪ ነው። ወተቱ ተንጦ ቅቤ ሆኗል፥ ቅቤውም ለገበያ ተቀምጧል። ዕንቁላሉ ተቈጥሮ ቅዳሜን ይጠብቃል። ጎመኑ ደግሞ «ለሕፃን ሆድ ይከብዳል» ተብሎ ተከልክሏል። ሕፃኑም ፍርፋሪውን በልቶ ጠገበ፤ ጠግቦም በእናቱ ጭን ላይ ተኛ።

ይህ ቤት ክፉ ቤት አይደለም። እናቲቱ ልጅዋን ከዓይንዋ ብሌን አብልጣ ትወዳለች፤ አባትየውም ከእርሻ ሲመለስ አስቀድሞ የሚጠራው ይህንኑ ሕፃን ነው። ሕፃኑ አልተራበም፥ አልተመታም፥ አልተጣለም። ይሁን እንጂ «ጠገበ» ማለትና «ተመገበ» ማለት አንድ አይደሉም። ምግብ «መገበ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ መገበ ማለት አስተዳደረ፥ ጠበቀ፥ ለእያንዳንዱ የሚገባውን በጊዜውና በመጠኑ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ የቤት አስተዳዳሪ፥ የደብርም ሹም «መጋቢ» ይባላል። ማጥገብ የሆድ ነገር ነው፤ መመገብ ግን የአስተዳደር ነገር ነው። ሆድን ውኃም ይሞላዋል፤ አካልን የሚያቆመው ግን በሥርዓት የተሰጠ ድርሻ ብቻ ነው። የሕፃን ጥጋብ ሰም ነው፤ ወርቁ እድገቱ ነው። ሰሙን አይቶ «ተፈጸመ» የሚል ሰው ቅኔውን እንዳልፈታው ተማሪ ነው።

የሕፃን ተፈጥሮ ይህን ነገር ግልጽ ያደርገዋል። ሆዱ ትንሽ ነው፤ የስምንት ወር ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ከሦስት የቡና ሲኒ ብዙ አይበልጥም። የሚያስፈልገው ግን በሆዱ ልክ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ሲታሰብ፥ ጎልማሳ ከሚሻው ኃይል እጥፍ ያህል ይሻል። ሦስት ዓመት ሳይሞላው የአንጎሉ ክብደት ወደ ጎልማሳ አንጎል አራት አምስተኛ ይደርሳል። እንግዲህ ትንሽ ዕቃ ይዞ ብዙ ሥራ የሚሠራ ሠራተኛ ነው። ለእንዲህ ያለ ሠራተኛ ቀጭን ሙቅ ቢያጠጡት ዕቃውን በውኃ መሙላት ነው፤ ሆዱ ይነፋል፥ ሥራው ግን ይቆማል። ስለዚህ ሐኪሞች የሕፃን ገንፎ ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ወፍራም ይሁን ይላሉ። ብቅል የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው፤ ከበቀለ እህል የተፈጨ ጥቂት ዱቄት በወፍራሙ ገንፎ ላይ ቢጨመር፥ ዱቄቱ ሳይቀነስ ገንፎው ለሕፃን አፍ ይለሰልሳል።

ጊዜውም የተወሰነ ነው። ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፥ ውኃም እንኳ አያሻውም። ከ6 ወር በኋላ ግን ጡት ብቻውን አይበቃውም፤ ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይቋረጥ፥ ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፥ ከ9 ወር እስከ 2 ዓመት ደግሞ 3 ወይም 4 ጊዜ፥ በመካከልም መክሰስ ታክሎ ሊመገብ ይገባል። ከፅንስ ጀምሮ 2 ዓመት እስኪሞላው ያለው 1,000 ቀን ያህል የመሠረት ጊዜ ይባላል። መሠረቱ በጎደለ ቤት ላይ በኋላ ክዳን ቢደራርቡ ግድግዳውን አያቀናውም፤ እንደዚሁም በዚህ ጊዜ የጎደለውን እድገት ከዚያ በኋላ መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ዓይነቱም የተለየ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሕፃንን ምግብ በስምንት ወገን ይከፍሉታል፤ ይኸውም የእናት ጡት ወተት፤ እህልና ሥራ ሥር፤ ጥራጥሬና ለውዝ፤ የእንስሳ ወተትና ከወተት የሚገኘው ሁሉ፤ ሥጋ፥ ጉበትና ዓሣ፤ ዕንቁላል፤ ቫይታሚን ኤ የበዛባቸው እንደ ካሮት፥ ዱባ፥ ማንጎና ጎመን ያሉት፤ በመጨረሻም የቀሩት አትክልትና ፍራፍሬ ናቸው። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን በየቀኑ ከስምንቱ ቢያንስ አምስቱን ሊያገኝ ይገባል ይላሉ። ምክንያቱም ቤት በጭቃ ብቻ እንደማይሠራ ነው። እህል ኃይል ይሰጣል፤ ጥራጥሬ፥ ዕንቁላልና ሥጋ አካል ይሠራሉ፤ ጉበትና ሥጋ ለደም የሚሆን ብረት ይሰጣሉ፤ ጎመንና ካሮት ዓይንን ከዳፍንት ይጠብቃሉ። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ እህል ብቻውን የሚጎድለውን አካል ገንቢ ነገር ጥራጥሬ ያሟላዋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት «ፋፋ» ተብሎ የተሠራው የሕፃናት ዱቄት በዚህ ጥበብ የተዘጋጀ ነበር፤ የስንዴ ዱቄት ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋራ ተቀላቅሎበታል። እንጀራን በሽሮ የበላ የጥንት ሰውም ምክንያቱን ባያውቀው ይህንኑ ጥበብ ይዞ ነበር። ለሕፃኑ የቀረው መረቁን ሳይሆን ወፍራሙን ሽሮ ከዕንቁላልና ከጎመን ጋራ ማደል ነው።

አሁን ወደ ምስክሮቹ መመለስ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆነ 100 ሕፃናት 38ቱ የቀነጨሩ፥ ማለት ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። በአዲስ አበባ 15 ሲሆኑ በአማራ ክልል 46 ነበሩ። ይህ አስተዋይን ሰው ያስደነግጣል፤ ከአገሪቱ የጤፍና የበቆሎ ጎተራዎች አንዱ የሆነው ጎጃም በዚሁ ክልል ነውና። በክልሉ ውስጥ ድርቅ የሚመታቸው ወረዳዎች መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ነገሩ በድርቅ ብቻ አይፈታም፤ በዚያው ጥናት በአገሪቱ እጅግ ባለጸጋ በተባሉት ቤቶች ውስጥ እንኳ ከአራት ሕፃናት አንዱ ያህል ቀንጭሮ ተገኝቷል። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ካሉት ሕፃናትም በብዛትም በዓይነትም የሚገባውን ትንሹን ልክ ያገኙት ከ100 ውስጥ 7 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ጎተራ ሲሞላ ሕፃን ይመገባል ማለት አይደለም። በጎተራውና በሕፃኑ አፍ መካከል አንድ ሰው ቆሟል፤ እርሱም አካፋዩ ነው።

መቀንጨር የቁመት ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጭንቀቱ በቀለለ ነበር፤ ሰው በቁመቱ አይከብርምና። ነገር ግን አጥንቱ የጎደለበት ሕፃን ብዙ ጊዜ አእምሮውም ጎድሎበታል፤ በሽታን የመቋቋም ኃይሉ ይደክማል፥ ትምህርትም ይከብደዋል። መምህሩ «ይህ ልጅ ልቡ ዝግ ነው» ይለዋል። ዛሬ በትምህርት ቤት ልቡ ዝግ ነው የሚባለው ልጅ ከአምስት ዓመት በፊት በገበታ ዳር ድርሻው የጎደለበት ሕፃን ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የቀረበትን ማንም አላየም፤ ዛሬ ግን በደሉ በእርሱ ስም ተጽፎ ይነበባል።

ሁለተኛው ምስክር ከምዕራብ አፍሪቃ ይመጣል። ሲስሊ ዊልያምስ የተባሉ ሐኪም ዛሬ ጋና በተባለው አገር ሲሠሩ፥ ጡት ከጣሉ በኋላ ዘወትር በበቆሎ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ አንድ ደዌ አዩ። እግራቸው፥ እጃቸውና ፊታቸው ያብጣል፤ ጠጉራቸው ይገረጣል፤ ቆዳቸውም ይላጣል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1935 ሐኪሟ ስለዚህ ደዌ ሲጽፉ የአገሩ ሰዎች በጋ ቋንቋ የሚጠሩበትን «ኳሺዮርኮር» የሚለውን ስም አስታወቁ። ትርጓሜውም ታናሽ ሲወለድ ታላቁን ሕፃን የሚይዘው ደዌ ማለት ነው። ሕዝቡ ምክንያቱን በቤተ ሙከራ ሳይመረምር በስሙ ውስጥ አስቀምጦት ነበር፤ አዲሱ ሕፃን ጡቱን ሲወርስ የቀድሞው ባለ ጡት ከዙፋኑ ይወርዳል፥ በጡቱ ፈንታ የሚተካለት ግን ተመጣጣኝ ነገር አይሰጠውም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ እብጠቱ ውፍረት መስሎ መታየቱ ነው። ያልተማረ ዓይን «ሕፃኑ ወፈረ» ይላል። ሰም ወርቅን እንዲህ ይሸፍነዋል።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ሊከራከር ይችላል። አንዱ «አባቶቻችን በቂጣና በሽሮ አድገው ጎበዝ ሆነው አልኖሩምን?» ይላል። መልሱ፥ ያደጉት ይናገራሉ፥ ያላደጉት ግን አይመሰክሩም የሚል ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166 ያህሉ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ቍጥሩ ወደ 67 ወርዷል። የቀነጨሩትም ከ100 ሕፃናት 58 የነበሩት በዚሁ ዘመን ውስጥ ወደ 38 ወርደዋል። ዕጣ ፈንታ በ16 ዓመት አይለወጥም፤ የተለወጠው የሰው ሥራ ነው። ጤና ጣቢያ ቀረበ፥ ክትባት ተሰጠ፥ እናቶች ተማሩ፥ ድርሻው በጥቂቱም ቢሆን ተሻሻለ። እንግዲህ በሰው ሥራ የሚቀንሰውን ጥፋት የሰማይ ትእዛዝ ነው ማለት ሐሰት ነው።

ሌላው «አባት ሳይበላ ሕፃን ማብላት ክብርን ማፍረስ፥ ልጅንም ማቅበጥ ነው» ይላል። ይህ ክርክር መልካም ነገርን ይዞ ስሕተት ላይ ይደርሳል። አባትን ማክበር መልካም ነው፤ ነገር ግን ክብር በመቅደም እንጂ በማስቀረት አይገለጥም። አባት ቀድሞ ቢቀመጥ፥ ቡራኬውንም እርሱ ቢሰጥ፥ የመጀመሪያውን ጉርሻ በገዛ እጁ ለሕፃኑ ቢያጎርስ ክብሩ ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። ፍትሕ ማለት ለሁሉ እኩል መስጠት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የሚገባውን በሚገባው ጊዜ መስጠት ነው። የጎልማሳ አካል ተሠርቶ አልቋል፤ ዛሬ ሥጋ ቢያጣ ነገ ይካሳል። የሕፃኑ አካል ግን ገና በመሠራት ላይ ነው፤ የዛሬው ጉድለት ከአጥንቱ ጋራ ያድጋል። ደግሞም የኢትዮጵያ ሰው እንግዳን ማስቀደም ክብሩ ነው፤ በዚያ ቤት ግን ከሁሉ በኋላ የመጣው እንግዳ ሕፃኑ አይደለምን? ስንቅ አልያዘም፥ ቋንቋ አያውቅም፥ ሌላ ማረፊያም የለውም። እንግዳን ማክበር እውነተኛ ከሆነ ከእርሱ ሊጀምር ይገባል።

ሦስተኛው ክርክር የድኻ ክርክር ነው፤ «ከየት አምጥቼ?» ይላል። ይህን የሚናገረውን ሰው በችኮላ የሚፈርድበት ዳኛ ራሱ ይፈረድበታል። በእውነት የሌለው አለ፤ ለእርሱ ምክር መስጠት ብቻ ስድብ ነው፥ ጉድለቱም የጎረቤቱና የመንግሥቱ ዕዳ ይሆናል። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» በተባለው ውሳኔ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር እስከ 2030 ለማስቀረት ቃል የገባው ይህ ዕዳ የወላጅ ብቻ እንዳልሆነ አውቆ ነው። ጥቂት ኖሮት የሚሸጠውም አለ። እናት ዕንቁላሉን የምትሸጠው ለቅንጦት አይደለም፤ ጨው፥ ሳሙናና የታላቅ ልጅዋን ደብተር ልትገዛ ነው። እርሷን «አትሽጪ» ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከሰባት ዕንቁላል ሦስቱ ለሕፃኑ ቢቀሩ፥ ወተቱም ከመናጡ በፊት አንዲት ኩባያ ተፈልታ ብትነሣለት፥ ገበያው ሳይቀር ድርሻው ይገኛል። በመጨረሻም ኖሮት የማያውቅ አለ፤ ጎመን በጓሮው እያለ ለሕፃን አይሆንም ብሎ የሚከለክል ማለት ነው። ይህ ሰው የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ቃል ነው። በደንብ የበሰለና የደቀቀ ጎመን የሕፃን ሆድ አይጎዳም፤ ይልቅስ ሕፃን ላይ የሚያሰጋው እንደ ቆሎና እንደ ሙሉ ለውዝ ያለ ጠጣር ነገር በጉሮሮው መሰንቀሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጥንቃቄ የሚያሻው የጾም ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፥ ከወተትና ከዕንቁላል ይጾማሉ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ግን የጾም ግዴታ የለበትም። ሥርዓቱ እንዲህ ሆኖ ሳለ በብዙ ቤት ጾም በገባ ጊዜ ሕፃኑም አብሮ ይጾማል፤ ማንም ጹም ብሎት አይደለም፥ ነገር ግን ዕንቁላል የሚቀቀልበት ድስት የለምና ነው። እናት ዕቃው ተነካክቶ ጾሟን የሚያስገድፋት መስሏት ትፈራለች። ፍርሃቷ ከክፋት የመጣ አይደለም፥ ከአክብሮት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። እናት ለልጅዋ ዕንቁላል በመቀቀልዋ ጾሟ አይፈርስም፤ የቀቀለችውን አልበላችምና።

ነገሩን ከሥሩ ለሚመረምር ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጾም መሥዋዕት ነው፤ መሥዋዕትም ሰው ከገዛ ራሱ ወድዶ የሚሰጠው ነው። ፈቃድ በሌለው በሕፃን ሰውነት የሚቀርብ መሥዋዕት የማን ይባላል? የሕፃኑ እንዳይባል አልፈቀደም፤ የወላጁም እንዳይባል የተራበው ሌላ ነው። ሰው የራሱን ይሰጣል እንጂ የሌላውን አይሰጥም። ደግሞ ጾመኛ ከአፉ ያተረፈውን ለተራበ እንዲሰጥ አባቶች ያስተምራሉ። ለጾመኛ ሰው ከሁሉ የቀረበው የተራበ ማን ነው? በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ በደጁ የሚታለበውን ወተት ያልቀመሰ የገዛ ሕፃኑ ቢሆን፥ ምጽዋቱ ከደጅ ሳይወጣ የሚቀበለው አለ። የጾምን ፍጹም ትርጓሜ የሚሻ ሰው ከዚህ ይጀምር።

የከተማ ሰው ይህን አንብቦ «ይህ የገጠር ነገር ነው» ብሎ ቢያልፍ ይሳሳታል። በከተማ ቤት ድርሻው የሚጎድለው በመብዛት ነው። ጧት ስኳር የበዛበት ሻይ በዳቦ፥ ቀን ብስኩት፥ ሲያለቅስ ከረሜላ፥ እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ ይሰጠዋል። ሕፃኑ ይወፍራል፥ ደሙ ግን ይገረጣል፤ ሻይ ከምግብ ጋራ ሲጠጣ በእህልና በአትክልት ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይቀበለው ያግደዋልና። ገበሬው ባለማወቅ ያስቀረውን፥ ከተሜው ገንዘብ ከፍሎ ያስቀረዋል። በሁለቱም ቤት ጥጋብ አለ፤ በሁለቱም ቤት ግን ምግብ የለም።

እንግዲህ ማካፈል ግዴታ ነው ሲባል፥ በግድ ማጉረስ ማለት እንዳይመስል መጠንቀቅ ይገባል። ሕፃኑን ጭን ላይ አስተኝቶ በእጅ መጋት በብዙ ቤት የታወቀ ልማድ ነበር፤ ምግቡ ወደ ሳምባው ሊገባ ይችላልና አደጋ አለበት፤ ከዚያም በላይ ሕፃኑ ገበታን የፍርሃት ቦታ አድርጎ እንዲያየው ያደርጋል። ምን እንደሚቀርብ፥ መቼም እንደሚቀርብ የወላጅ ሥልጣን ነው፤ ምን ያህል እንደሚበላ ግን የሕፃኑ ሆድ ያውቃል። መልካም መጋቢ ድርሻውን ያቀርባል፥ በትዕግሥት ይጠብቃል፥ አንድ ቀን እምቢ ያለውን ምግብ በሌላ ቀን ደግሞ ያቀርባል፤ ሕፃን አዲስ ጣዕም የሚለምደው ብዙ ጊዜ ቀምሶ ነውና።

አሁን በመጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ ይመለሳል፤ ፍቅር ከበደል ነፃ ያወጣልን? ለዚህ መልስ ሁለት ዓይነት አለማወቅን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ሰው ሊያውቅ ሳይችል የቀረበት ነው፤ ይህ ያሳዝናል እንጂ አያስወቅስም። ሁለተኛው ሊጠይቅ እየቻለ ዝም ያለበት ነው፤ ይህን ፍቅር አይሸፍነውም። የሚወድ ሰው ይጠይቃልና። ገበሬ በሬው ሲከሳበት ያወቀ ሰው ዘንድ ሄዶ «ምን ላብላው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለጥጃው ጡት ይተዋል፥ ለሚያርሰው በሬ ጭድ ብቻ ሳይሆን አተርና ባቄላ ይሰጣል። ለበሬው የጠየቀ ሰው ለልጁ ሳይጠይቅ ቢቀር ፍቅር ጎደለው አይባልም፤ ፍቅሩ ግን ገና ወደ ሥራ አልወጣም።

የሚጠየቀውም ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ማለፍ አይገባም። ብዙ ጊዜ ሕፃን ሲከሳ ጣት የሚቀሰረው ወደ እናት ነው። ነገር ግን እናት የምታበስለው ከተሰጣት ነው። ዕንቁላሉ ይሸጥ፥ ወተቱ ይናጥ፥ ማን ቀድሞ ይብላ የሚለውን ብዙ ጊዜ የምትወስነው እርሷ አይደለችም፤ ራሷም ከሁሉ በኋላ የተረፈውን የምትበላ ናት፥ በእርግዝናም በማጥባትም ጊዜ ያው ነው። የቤት መጋቢ የተባለ አባት በስሙ ሊጠየቅ ይገባል። ስሙን ለክብር ብቻ ወስዶ ሥራውን ለሚስቱ የተወ እንደ ሆነ መጋቢ ሳይሆን ተመጋቢ ብቻ ነው።

ወደዚያ ጎጃም ቤት መመለስ መልካም ነው። ቅዳሜ ገበያ ይቆማል፤ ሰባት ዕንቁላል በሰፌድ ላይ ተቀምጧል። አባትየው ከሰባቱ ሦስቱን አንሥቶ «እነዚህ የሕፃኑ ናቸው» ቢል፥ እናቲቱ አንዱን በትንሿ ድስት ብትቀቅለው፥ ከወፍራሙ ሽሮና ከደቀቀው ጎመን ጋራ ብታቀርብለት፥ ጎተራው አይጎድልም፥ ገበያውም አይዘጋም፥ እንግዳም አይነቀፍም። ያን ማታ ሕፃኑ እንደ ወትሮው ጠግቦ ይተኛል፤ በውጭ ላየው ሰው ምንም የተለወጠ ነገር የለም። በውስጡ ግን አጥንቱ ይሠራል፥ ደሙም ይቀላል። ያን ጊዜ ጎረቤት መጥቶ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ቢል፥ አባትየው ሳያፍር «አዎን፥ ዕድሉን ሰጥተነዋል» ብሎ ሊመልስለት ይችላል።